ስልሳ ሦስት ኪሎ ጭነት

የአብነት ጓንጉል የሕይወት ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አርባ አንድ ሰከንድ ፈጀ። ሃምሳ አለቃ ያብስራ ታረቀኝ ቆጥሮታል። ሰማንያ አራት ዓመት የኖረ ሰው፣ ያውም አብነትን የመሰለ ሰው፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ በማይቀዘቅዝበት ጊዜ ተነቦ አለቀ።

ታሪኩን ያነበበው እንደ ሁልጊዜው መቃብሩ አጠገብ የቆመው የመዝገብ ምሰሶ ነው። «አቶ አብነት ጓንጉል በ2006 ዓ.ም. ተወለዱ» አለ ምሰሶው፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «በሕይወት ዘመናቸው ሁለት መቶ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጓዙ። አሥራ ዘጠኝ ሺህ ጊዜ አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ ከዚህ ውስጥ አራት ሺሁን ቆመው። በ2061 ዓ.ም. ሁለት ጥርስ አስተከሉ። ጥቅምት 3 ቀን 2078 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አደባባይ ‹ዘንድሮስ ብርዱ ለጉድ ነው› ሲሉ በይፋ ተናገሩ። ባለትዳር ነበሩ። አረፉ።» ለቀስተኛው የቱ ላይ ማልቀስ እንዳለበት ግራ ቢገባው ጥርሱ ላይ ጀመረ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የሟችን ታሪክ ቤተ ዘመድ ይጽፈዋል፤ ደህና ድምፅ ያለው አንድ ሰው ያነበዋል። ሙት ወቃሽ ላለመሆን ሲባል ቋጣሪው ቸር፣ ተሳዳቢው አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ይቀበራል፤ ማንም አይከፋም። ነገሩን ያበላሸው የታንኩ ጉዳይ ነው። አንዱኑ ታንክ አራት መቶ ሰው እንዳቃጠለው በየቀብሩ መነበቡ ሲደረስበት የተረጋገጠ የሕይወት ታሪክ ደንብ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚነበበው መዝገቡ የሚያውቀው ብቻ ነው፤ መዝገቡ የሚያውቀው ደግሞ ምሰሶ የሰማውን፣ አውቶቡስ የቆጠረውንና ጫማ የለካውን ነው። የቀረው አልሆነም።

ያብስራ ከቀብር መልስ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር የራሱን የሕይወት ታሪክ ረቂቅ መዝገቡን አስነበበ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ጥርስ አላስተከለማ።

«አባዬ፣ ሞተህ አትሰማው» አለችው ልጁ ማኅደር። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ነገር በሙሉ እንደ ጉንፋን ነው የምታየው፣ ያልፋል ብላ።

«ሰው ይሰማዋል።»

«ሰው እንደሆነ ንፍሮውን ነው የሚያስበው።»

«እኔ ጦር ሜዳ የቆሰልኩ ሰው ነኝ ማኅደር። ጠመንጃዬን ተደግፌ፣ ደሜን እያዘራሁ፣ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በእግሬ የሄድኩ ሰው ነኝ። አሁን በአውቶቡስ ቲኬት ልቀበር ነው?»

ይህን ታሪክ ማኅደር በቃሏ ታውቀዋለች። ያብስራ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ በየእድሩ ስብሰባ ስልሳ ዓመት ሙሉ ተርኮታል። ሲተርክ አብነት ሁልጊዜ አጠገቡ ነው፤ መጨረሻው ላይ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «እውነት ነው፣ አብሬው ነበርኩ» ይላል። ችግሩ የታችኛው ድንበር ጦርነት መዝገቡ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ሁለቱ አገሮች ሲታረቁ ቂም እንዳይተርፍ ብለው የሠራዊቶቻቸውን ሰነድ በሙሉ ሰርዘውታል። ጦርነቱ አልነበረም፤ ጡረተኞቹ ብቻ አሉ።

ነገር ግን ሁሉም የረሳት አንዲት ቀዳዳ ነበረች። የጦር ሜዳ ቁስለኛ ሜዳሊያ የሚባለውን ማንም አስታውሶ አልሻረውም። ሜዳሊያው ለተሰጠው ሰው የሕይወት ታሪኩ ላይ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል፤ አሥራ አንድ ሰከንድ። ያብስራ ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ልጁን አስከትሎ ወደ ሕይወት ምዝገባ ቢሮ ሄደ። ማመልከቻው ላይም ስለ ቁስሉና ስለ ዘጠኙ ኪሎ ሜትር፣ «በራሴ እግር» የሚለውን አስምሮበት ጻፈ።

ቢሮው ሰልፍ የለውም። ያብስራ እንደ እኩዮቹ ሰልፉ ይናፍቀዋል። ያኔ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ነገ ይኖራል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። አሁን ሲስተም ሁልጊዜ አለ፤ እንቢ ካለም ወዲያው ነው። መስኮቱ ላይ ሕጉ የሚያስገድደው አንድ ሰው ይቀመጣል። የዚህኛው መስኮት ሠራተኛ ደብሪቱ ትባላለች፤ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። የጥንት ስም ተመልሶ ፋሽን በመሆኑ ልጆቹ ደብሪቱና ተሰማ፣ ሽማግሌዎቹ ያብስራና ሶልያና ሆነዋል። የደብሪቱ መደብ «አዛኝ፣ ደረጃ ሁለት» ነው። መዝገቡ ሲናገር አንገቷን ዘንበል ታደርጋለች፤ ሲከለክል «አይዞዎት» ትላለች።

«ቁስሉ የት ነው?» አለ መዝገቡ ከጣሪያው።

ያብስራ ልጁን በጎን አየት አደረገ። «ከታፋዬ ከፍ ብሎ።»

«ምን ያህል ከፍ ብሎ?»

«በጣም ከፍ ብሎ።»

ማኅደር ዕድሜዋን ሙሉ ታፋ ነው ሲባል የሰማች ናት። ከንፈሯን ነክሳ ግድግዳውን ማየት ጀመረች። ያብስራ መጋረጃ ውስጥ ገባ፤ አንድ ቀዝቃዛ ብርሃን ኋላውን ዳሰሰው።

«መቀመጫዎ ፍጹም ጤነኛ ነው» አለ መዝገቡ፣ አዳራሹ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «የሃያ ዓመት ወጣት መቀመጫ ነው። ምንም ዓይነት ጠባሳ የለም።»

«እንዴት ይጠፋል? ስልሳ ዓመት የተቀመጥኩበት ነው!»

አገላብጠው ሲያዩት ሌባው ተገኘ። በ2084 ዓ.ም. ያብስራ ለዓይኑ ሞራ የሐኪም ቤቱ እድሳት ክፍል ገብቶ ነበር፤ ክፍሉ ዓይኑን ሲያድስ በዚያው ያገኘውን ጠባሳ ሁሉ በነጻ ጠራርጎለታል። ስድስት ዓመት ሙሉ አላወቀም። ሰው የራሱን ኋላ አያይም፤ ሌላ ሰው ነው የሚያይለት። ሚስቱ ፌቨን ብትኖር በማግሥቱ «ቁስልህን ምን አደረግከው?» ትለው ነበር፤ እሷ ግን በ2080 አርፋለች። ያብስራ መጋረጃው ውስጥ ቀበቶውን ሲያጠብቅ ድንገት ናፈቀችው፤ ቶሎም አልወጣም።

«አይዞዎት አባባ» አለችው ደብሪቱ ሲወጣ።

«የአካል ማስረጃ ከሌለ ሦስት ምስክር ይቻላል» አለ መዝገቡ። ዓለም ሁሉ ተገለባብጦ ሦስት ምስክር የሚባለው ነገር ንቅንቅ አላለም። «ክስተቱን ወይም ቁስሉን በዓይናቸው ያዩ መሆን አለባቸው።»

መቀመጫውን ያየ ሰው በዚህ ዕድሜ ከየት ይመጣል? አብነት ሞቷል፤ ፌቨን ሞታለች። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የዚያን ጊዜ አዛዡ ሻምበል በእምነት ሲሆኑ፣ ዘጠና ዓመታቸው ነው፤ ጆሯቸው እንጂ ልባቸው አልደከመም፤ ወዲያው እሺ አሉ። ሌላዋ ሶልያና ናት፣ የአብነት ባለቤት። ያን ጊዜ የሕክምና ጣቢያው ነርስ ነበረች፤ ቁስሉን የሰፋችው እሷ ናት፤ ከአብነትም ጋር የተዋወቀችው ያን ዕለት ነው።

ቤቷ ሲሄድ የአብነት ባርኔጣ ገና መስቀያው ላይ ነበር።

«እመሰክራለሁ» አለችው ሶልያና። «ግን ያየሁትን ነው የምመሰክረው ያብስራ።»

ያብስራ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«በእግርህ አልመጣህም። ባለቤቴ ጀርባ ላይ ነው የመጣኸው፤ አፍህን ከፍተህ እያንኮራፋህ። አብነት ስልሳ ዓመት ዝም አለ። እኔም በሱ ፊት ዝም አልኩ። መዝገብ ፊት ግን አልዋሽም።»

«ለምን ዝም አለ?» አላት። ይህን ጥያቄ አብነትን ጠይቆት አያውቅም፤ መልሱን ይፈራ ነበር።

«አንተ ስትተርከው ደስ ይለው ነበር። ‹ተይው ሶሊ፣ አንዴ አውርጄዋለሁ› ይለኛል። ‹ባወራሁት ቁጥር መልሼ ጀርባዬ ላይ ማውጣት ነው፤ እሱም ያፍራል፣ እኔም ይከብደኛል።›»

ያብስራ ከዚያ ቤት ሲወጣ አፍሮ ነበር። ብርዱ ሲገርፈው ጋቢውን እንኳ አልደረበም። ማመልከቻውን ላነሣው ይሆን ብሎ አሰበ፤ ሠላሳ ስምንቷ ሰከንድ ትዝ ስትለው ደግሞ ተወው። እንግዲህ ሦስት ምስክር እስካልሞላ ድረስ ሶልያና ብትናገርም ባትናገርም ለውጥ የለውም፤ ሦስተኛው ከየትም አይመጣም ብሎ ራሱን አጽናና። ሰው ሲያፍር የሚጽናናበት አያጣም።

ቀጠሮው ሐሙስ ነበር። ያብስራ፣ ማኅደርና ሶልያና ተቀምጠው ሳለ ሻምበል በእምነት ዱላቸውን ተደግፈው ገቡ። ያብስራ ጉልበቱ ቀጭ እያለ ብድግ አለ።

«ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር ተቀመጥ!»

«አይሆንም ሻምበል፣ እዚህ ይቀመጡ።»

«ቁጭ በል ብዬሃለሁ፣ አንተ ቁስለኛ።»

«እርስዎ ቆመው እኔ? እንዴት ተደርጎ።» ያብስራ ዘወር ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ወንበሩን በእጁ ይጠርግ ጀመር። ሻምበል ክንዱን ይዘው ወደ ታች ይጫኑታል፤ እሱ ወደ ላይ ይታገላል።

«ሁለት ባለጉዳዮች ቆመዋል» አለ መዝገቡ። «አንድ ባዶ ወንበር አለ። ምን እየተደረገ ነው?»

ሻምበል ወደ ጣሪያው አንጋጠጡ። «ጥሩ ጠየቅህ። ይኸው ነው የሆነው፤ እንደዚሁ ነው የቆሰለው» አሉ። ከዚያ ዱላቸውን አስቀምጠው መሰከሩ። ሰኔ 19 ቀን 2030 ዓ.ም. ምሽጉን ሊጎበኙ ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ያብስራ አዛዡን ሲያይ ኖር ብሎ ይነሣል። በእግዜር ይሉታል፤ አይሆንም ይላል። እሳቸው አንዴ፣ እሱ አንዴ፣ ሦስት ዙር ይሄዳል። በሦስተኛው ያብስራ ዞሮ ለአዛዡ የተቀመጠበትን ድንጋይ ሊያራግፍላቸው ጎንበስ ሲል፣ ከመላ አካሉ አንዱ ክፍል ብቻ ከምሽጉ በላይ ይወጣል። የጠላት ድሮን ደግሞ የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር።

ማኅደር ሳቋ አመለጣት። ደብሪቱም አንገቷን ማዘንበል ረስታ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ሣቂ አንቺ» አለ ያብስራ። «አለመነሣት እችል ነበር?»

«አትችልም አባዬ» አለች ማኅደር ዕንባዋን እየጠረገች።

«ጥቃቱ ከጠላት ስለሆነ ተቀባይነት አለው» አለ መዝገቡ። «የተነሡበት ምክንያት ግን ግልጽ አይደለም፤ ይለፍ። ሁለተኛ ምስክር።»

ሶልያና ያየችውን ተናገረች። ቁስሉን፣ ስፌቱን፣ አሥራ አራት ክር። ከዚያ «ያመጣውም ባለቤቴ ነው፣ ተሸክሞ» አለች። ያብስራ ጫማውን አየ። ማኅደር አባቷን አየችው። ሳቋ ቆመ።

«ሦስተኛ ምስክር?»

«የለም» አለ ያብስራ። እፎይ ብሎ ነው ያለው ማለት ይቻላል።

«አለ» አለ መዝገቡ። «በስምምነቱ የተሰረዘው የሠራዊቱ ሰነድ ነው። የጫማ አምራቹ ሰነድ አልተሰረዘም። የአቶ አብነት ጓንጉል የግራና የቀኝ ቦቲ ጫማ ስለ ዕለቱ መረጃ አላቸው። ይነበብ?»

ማንም አልመለሰም፤ ስለዚህ ተነበበ።

«ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ድረስ ጫማዎቹ ላይ ያረፈው ክብደት ስልሳ አንድ ኪሎ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ሃያ አራት። ልዩነቱ ስልሳ ሦስት ኪሎ። በዚህ ክብደት ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ተጉዘዋል። በመንገድ አሥራ አንድ ጊዜ ቆመዋል። አሥራ አንዱንም ጊዜ ክብደቱ አልቀነሰም።»

ያብስራ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እንዲህ ተሰልቶ ግን ሰምቶት አያውቅም። አሥራ አንድ ጊዜ ቆሞ አንዴም አላወረደውም። ለምን እንዳላወረደው ገባው፤ አብነት ቀጭን ሰው ነበር፣ አንዴ ቢያወርደው መልሶ ማንሣት አይችልም ነበር። ከዚያ በኋላ ስልሳ ዓመት «እውነት ነው፣ አብሬው ነበርኩ» አለ። ያብስራ ሰው ፊት ላለማልቀስ ጉሮሮውን ሦስት ጊዜ ጠረገ።

«ክስተቱ በሦስት ምስክር ተረጋግጧል» አለ መዝገቡ። «ማመልከቻው ላይ ያለው ‹በራሴ እግር› የሚለው ግን ይሰረዛል። በደንቡ አንድ ክስተት የሚመዘገበው በአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። በእርስዎ ስም ከሆነ ‹ቆሰሉ› ተብሎ ሜዳሊያው ይሰጥዎታል። በሟች ስም ከሆነ ‹ተሸከሙ› ተብሎ ይገባል፤ ሜዳሊያው ይቀራል። ይምረጡ።»

«ሁለታችንም ብንሆንስ?»

«ታንኩም የጀመረው እንደዚያ ነው።»

መስኮቱ ሥር ያለው መሳቢያ ተከፈተ። ሜዳሊያው ተሠርቶ ተቀምጧል፤ ገና ትኩስ ነው። ሪባኑ ቀይና ቢጫ ነው፤ መሐሉ ላይ የያብስራ ስም ሳይሳሳት ተቀርጾበታል። አንሥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። ከጠበቀው በላይ ቀለል ይላል። አሥራ አንድ ሰከንድ ማለት ይህ ነው። ልጁ አጠገቡ ቆማለች፤ ለቀብሩ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። ካልወሰደው ደግሞ አውቶቡስ ነው፣ ደግሞም አውቶቡስ ነው፣ አረፉ ነው።

«አባዬ፣ ያንተ ነው እኮ። ቆስለሃል» አለችው ማኅደር በቀስታ።

ሶልያና የባሏን ባርኔጣ እጇ ላይ ይዛ ነበር የመጣችው፤ እሱኑ ታገላብጣለች።

«ለአብነት ይግባ» አለ ያብስራ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሳልጠግብ አልቀረሁም፤ ስልሳ ዓመት በልቼበታለሁ።»

«ሜዳሊያውን ወደ መሳቢያው ይመልሱ» አለ መዝገቡ። መለሰው። ደብሪቱ «አይዞዎት» ማለት ይጠበቅባት ነበር፤ አላለችም፣ ከመስኮቱ ወጥታ እስከ በሩ ድረስ ክንዱን ይዛ ሸኘችው። ይህ በደረጃ ሁለት ሥራ ዝርዝር ውስጥ የለም።

የአብነት አርባ ሲወጣ የእድሩ ድንኳን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከምሰሶው አጠገብ ተተከለ። ታሪክ የታረመለት ሟች በአርባው እንደገና ይነበብለታል፤ የደንቡ ቃል ነው። ሰው ንፍሮውን እየቆረጠመ ብዙም ልብ ሳይል ይሰማ ጀመር። ኪሎ ሜትሩ አለፈ፤ አውቶቡሱ አለፈ።

«ሰኔ 19 ቀን 2030 ዓ.ም.» አለ ምሰሶው፣ «ስልሳ ሦስት ኪሎ ጭነት በጀርባቸው ተሸክመው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር ተጓዙ። አሥራ አንድ ጊዜ ቆሙ፤ ጭነቱን አላወረዱም።»

ንፍሮ መቆርጠሙ ቆመ።

«የምን ጭነት ነው?» አለ አንዱ የእድር ዳኛ።

«ስንዴ ይሆናል።»

«ስንዴ በስልሳ ሦስት ኪሎ ይታሰራል እንዴ? ኩንታሉ መቶ፣ ግማሹ ሃምሳ።»

«ሲሚንቶ ይሆናላ፤ ያን ጊዜ ሲሚንቶ ይጠፋ ነበር።»

አንድ ክስተት ለአንድ ሰው ነውና መዝገቡ የተሸካሚውን እንጂ የጭነቱን ስም አይጠራም። ያብስራ ይህን አላሰበበትም ነበር። ሲሚንቶ መባሉ ትንሽ ከነከነው። የአብነት ሥራ በሲሚንቶ መታማቱ ግን አናደደው። ወንበሩን ይዞ፣ ጉልበቱ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ ብድግ አለ።

«በእግዜር!» አሉ ሻምበል በእምነት ከፊት ረድፍ፤ ጆሯቸው ደከም ስላለ የተባለውን አልሰሙም፣ ሲነሣ ብቻ አዩት።

«ጭነቱ እኔ ነኝ» አለ ያብስራ።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ።

«እኔ ነኝ። በእግሬ ሄድኩ ያልኳችሁ ውሸት ነው። እግሬ መሬት አልነካም። ውሸቴን ስነግራችሁ ይኸ ሰውዬ አጠገቤ ተቀምጦ እውነት ነው ይል ነበር።» ይህን ብሎ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ያለቀሰችው ሶልያና ናት። ከዚያ አንዱ፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ለቀስተኛው በቀብሩ ዕለት ያጣውን የማልቀሻ ቦታ በአርባው አገኘው፤ ያለ ጥርስ። የእድሩ ዳኛ ሲሚንቶ ያለውን ሰው በክርኑ ጎሸም አደረገው።

በሳምንቱ ማኅደር አባቷን ሳታማክር ረቂቁን አስነበበችው። ኪሎ ሜትሩ፣ አውቶቡሱ፣ ሁሉም በቦታው አለ። ከአረፉ በፊት ግን አንድ አዲስ ነገር ገብቷል፤ ምሰሶ የሰማው ነገር መዝገቡ ጋ ይደርሳል። «በ2090 ዓ.ም. በአቶ አብነት ጓንጉል አርባ ላይ ተነሥተው ‹ጭነቱ እኔ ነኝ› ሲሉ በይፋ ተናገሩ።»

«አርባ አንድ ሰከንድ!» አለች ማኅደር። «አባዬ፣ ከጋሽ አብነት ጋር እኮ እኩል ሆንክ።»

ያብስራ ጣቶቹን አጥፎ ቆጠረ። «የሱ ሃምሳ ሁለት ገብቷል። አሁንም ይበልጠኛል።»

ይህን ያለው በኩራት ነው። ማታ ለጎረቤቱም ነገረው፤ በማግሥቱ አውቶቡስ ላይ አጠገቡ ለተቀመጠች ለማያውቃት ሴትዮም ነገራት። ሴትዮዋ በጨዋ ደንብ «እንዴት ያውቃሉ?» ስትለው፣ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ መለሰላት።

«እውነት ነው። አብሬው ነበርኩ።»